ባለ አንድ ዓይኗ አዋላጅ

ፒያሳ ላይ ላፕቶፕ እሸጣለሁ፤ ፕሮግራምም እጭናለሁ። ሥዕል አልችልም። ይህን ለደንበኛ ተናግሬ ግን አላውቅም፤ ባለሱቅ «አላውቅም» ከሚል መዝጊያውን ቢያወርድ ይሻለዋል።

አንድ ቀን ከቁስቋም ሰፈር አንዲት ወጣት ላፕቶፕ ልትገዛ መጣች። የቄስ ልጅ ናት፤ አባቷ የቤተክርስቲያን ሥዕል ይሥላሉ፣ እሷም ቀለም እየበጠበጠችላቸው ነው ያደገችው። ለመካነ ብርሃን ገጠር እናቶች በሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ ኮሚክ የሚሉትን፣ እንድታዘጋጅ ሐኪሞች ጠይቀዋታል፦ ምጥ ሲመጣ ቤት አትቅሩ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ የሚል። ናሙናውን ሐኪሞቹና ከዚያው የሚመጡ እናቶች አይተው ከወደዱት ሥራው የሷ ነው፤ ካልወደዱት ከኛ ከተማ ወጥቶ ለአዲስ አበባ ሰው ይሰጣል። ከአባቷ ግድግዳ ወጥታ በራሷ የምትሠራው የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር።

«ጋሼ፣ የቱ ፕሮግራም ይሻለኛል?» አለችኝ።

ሁለት ነበሩኝ። አንዱ ትንሽ ነው፤ ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ። ብሩሽ አለው፣ ቀለም አለው፣ አለቀ። ሌላው ትልቅ ነው፤ ገና ሲከፈት የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ውስጡ እጅና እግራቸው እንደ ልብ የሚታጠፍ አሻንጉሊቶች አሉ። ሴትዮዋን ታቆማታለህ፣ ታስጎነብሳታለህ፣ ፊቷን ታዞረዋለህ፤ ከዚያ በላይዋ ላይ መስመሩን እየተከተሉ መሣል ነው።

እሷ በትንሹ ላይ የላፕቶፑን መሣያ ብዕር ጫን ለቀቅ እያደረገች ቆየች። «ይሄኛው እጄን ያውቀዋል» አለች።

«የኔ እህት፣ ነፃ ነገር በነፃ ነው የሚያስቀርሽ» አልኳት። አባባሉን እዚያው ነው የፈጠርኩት። ደስ ስላለኝ ሳምንቱን ሙሉ ለሌላውም ደንበኛ ስለው ሰነበትኩ።

ትልቁን ከፍተን አንዷን አሻንጉሊት አዋላጅ አደረግናት። ስናስጎነብሳት ፊቷ ወደ ጎን ዞረ። ልጅቷ ብዕሩን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ባለ አንድ ዓይን ሆነችኮ።»

«ታዲያ የጎን ፊት ስንት ዓይን ሊኖረው ነው?»

«አባባ ጻድቁን በሙሉ ፊት ነው የሚሥሉት፣ በሁለት ዓይን። ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይን የሚኖረው ሰይጣን ነው፣ ወይ ይሁዳ።»

ጠፍቶኝ አይደለም፤ እኔም ስሳለማቸው ያደግሁት ሥዕሎች ናቸው። ግን ሱቅ ውስጥ ሰዎች ቆመው ይሰማሉ። «ይሄ ኮምፒውተር ነው እንጂ የቤተክርስቲያን ግድግዳ አይደለም! የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው የሚሥለው» ብዬ ሳቅሁ። የቆሙትም ሳቁ። እሷም ትንሽ ሳቀች፣ ለኔ ስትል። ትልቁን ጫንኩላት።

ናሙናው በሚታይበት ቀን እኔም ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። «ምናልባት ላፕቶፑ ቢያስቸግርሽ» አልኳት እንጂ፣ ሐኪሞቹ አድንቀው «ከየት ነው የገዛሽው?» ሲሉ ልገኝ ብዬ ነው። ኮቴን ለብሼ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በራ። ምጥ የያዛት ሴት፣ ቃሬዛ የተሸከሙ ጎረቤቶች፣ ከዚያም ጤና ጣቢያው በር ላይ ጎንበስ ብላ እጇን የዘረጋች አዋላጅ። ከእናቶቹ መሐል ሕፃን ያዘለችው ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ምነው! ይችን ሰይጣን ማን እዚህ አቆማት?»

«አዋላጇኮ ናት» አሏት አንዱ ሐኪም።

«አዋላጅ? በዚች በአንድ ዓይኗ? እጇንስ አያዩትም፣ ልጁን ልትነጥቅ!»

አጠገቧ የተቀመጠችው ተቀበለች፦ «እኔስ ከዚች እጅ ከምወድቅ ከላሞቹ ጋር ብወልድ ይሻለኛል!» እናቶቹ ሳቁ። ሐኪሞቹ አልሳቁም።

«አንቺ የቄስ ልጅ አይደለሽ? እንዴት ይሄ ይጠፋሻል?» አሉ ሐኪሙ ልጅቷን።

ወደ ኋላ አልዞረችም፤ ወደኔ ማለቴ ነው። ብትዞር ይቀለኝ ነበር። «አላስተዋልኩም» አለች። እኔ የኮቴን ቁልፍ ስቆልፍ ስፈታ ነበር።

«ትንሽ ታገሡኝ» አለችና ትልቁን ፕሮግራም ዘጋችው። የከፈተችው ያንን ትንሹን ነው። እኔ አልጫንኩላትም፤ ራሷ አውርዳው ኖሯል። ማራገቢያው ዝም አለ። ሁሉም እያየ ክብ ፊት ወጣ፣ ቅንድብ፣ ከዚያ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች። ወገቧ እንደ ጎነበሰ ነው፣ ፊቷ ግን ሙሉውን ወደ እኛ። እንደዚያ ጎንበስ የሚል ሰው በዓለም የለም። ሴትዮዋ ግን ነጠላዋን ከአፏ አወረደች።

«አሁንስ ሸጋ ናት። እሷ ዘንድማ እሄዳለሁ።»

ሥራው የሷ ሆነ። በሩን ከፍቼ ስወጣ አንዱ ሐኪም «ይሄ ፕሮግራም የት ይገኛል?» ሲሏት ሰማሁ። «በነፃ ነው» አለቻቸው።

መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ሱቅ መጣች። «ጋሼ፣ ትልቁን ያጥፉልኝ፤ ቦታ ይዞብኛል።» ድምፅዋ ውስጥ ሽሙጥ ፈለግሁ፤ የለም። ላጠፋው ስል ፕሮግራሙ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን መጠየቅ የነበረበት ስጭነው ነበር። አንድ ቅጂ «ለእርስዎ» ብላ ባንኮኒው ላይ ትታልኝ ሄደች።

እንደወጣች ራሴን ፍለጋ ገባሁ፤ የዘራሁትን አውቃለሁና። ባልየውን «ተዋት፣ እዚሁ ትውለድ» የሚለው ጎረቤት ባለ አንድ ዓይን ነው። እኔን ነው ብዬ ገጹን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፤ ግን ሰውዬው ቀጭን ነው፣ እኔ ደግሞ በዚህ አልታማም። ቃሬዛው ያለበት ገጽ ላይ ደረስኩ። ሱቁን ክፍት ጥሎ ሮጦ የቃሬዛውን ፊት የያዘ አንድ ባለሱቅ አለ፤ ቦርጩ የኔ ነው፣ ኮቱም ያው ኮቴ። ፊቱ ሙሉውን ወደ እኔ ያያል።

መጽሐፉን ለደንበኛ አላሳይም፤ ከባንኮኒው ሥር ነው ያለው። አንድ ዓይን ብትሰጠኝ ኖሮ ተከራክሬ ሁለተኛውን አስጨምር ነበር፤ ነጋዴ ነኝ። ሁለቱንም ሳልጠይቅ ለሰጠችኝ ምን ብዬ ልከራከር?