«ጫማዬስ?» ያለው ማን ነበር

ደባርቅ ላይ የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የቆዳ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ቀጥሎ ጨው። ቆዳው ይታሽበት የነበረው ጨው ከወለሉ ስላልለቀቀ ጋደም ስንል ከንፈራችን ላይ እንቀምሰዋለን። ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ጀርባቸውን ግድግዳ አያስነኩም። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ከሁለት ቀን በፊት ፊልም ሳሳይ የኋላ መቀመጫ ላይ የነበሩ ናቸው።

ወንጀላችን ሳቅ ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። የሲኒማዋ መኪና ስትመጣ የገበሬ ማኅበሩን አዳራሽ መስኮቶች በጆንያ እንሸፍንና አቡጀዲ ሰቅለን በቀን እናሳያለን። ፊልሞቹ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች የሚላኩ ስለነበሩ ቋንቋቸውን የሚያውቅ የለም። አብራቸው አንዲት ገጽ የእንግሊዝኛ ማብራሪያ ትመጣለች። እሷን አንብቤ ከአቡጀዲው አጠገብ ቆሜ የሁሉንም ሰው ንግግር በአማርኛ የምናገረው እኔ ነኝ፤ የከበርቴውን፣ የጄኔራሉን፣ የሚስቱን፣ የውሻውን ሳይቀር። አንዲት ገጽ ለሙሉ ፊልም ስለማትበቃ የጎደለውን ከራሴ እጨምራለሁ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር።

የዚያን ቀኑ ፊልም ቀልድ ነው። አንድ ኩባንያ ጦርነትን እንደ ንግድ ይዞ ለሁለቱም ወገን ቅጥረኛ ወታደር ያከራያል። ጥይቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ የሬሳ ሣጥኑንም የሚሸጠው እሱ ነው። እርቅ ሊወርድ ሲል ከበርቴው ታሞ አልጋ ይይዛል። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ቀጥሎ ከበርቴው የአንዱን ጦር ቦት ጫማ ሰብስቦ ለሌላው ሲሸጥና ወታደሮቹ ባዶ እግራቸውን በረዶ ላይ ሲሰለፉ ታየ። እኔ ውሃ ልጎነጭ ዝም አልኩ። በዚያች ዝምታ መሐል ከኋላ አንድ ሰው፣

«ጫማዬስ?» አለ።

ከዚያ የተሳቀውን ሳቅ እስከ ዛሬ ሌላ ቦታ አልሰማሁትም። ለሚሊሺያው የመጣው ጫማ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሲሸጥ ያላየ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ጫማውን የሚያድለው ሹም ደግሞ ከፊት ወንበር ተቀምጧል። ፊልሙ እዚያው ላይ ተቋረጠ።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «እንዴት አደርክ መምህር» ሲሉኝ ያንን ከኋላ የመጣ ድምፅ ወዲያው ለየሁት። ከቡይት ራስ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው፤ በሚሊሺያ ዘምተው ተመልሰዋል። ከግራ እግራቸው ሁለት ጣቶች ዘመቻው ላይ ቀርተዋል።

ረፋዱ ላይ መርማሪው ጠራኝ። ሹሙ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል።

«ጓድ መምህር፣ አንተን አንፈልግህም» አለ መርማሪው። «የጮኸውን ሰው ስም ጥራና ወደ ተማሪዎችህ ሂድ። አለዚያ አሥር ሰዓት ላይ መኪናው ወደ ጎንደር ይነሳል።»

በዚያ መኪና ከተጫኑት ሰዎች ልብሳቸው ሲመለስ እንጂ ራሳቸው ሲመለሱ አይተን አናውቅም።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ መኪናውን በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁት። ሾፌሩ መስታወት ይወለውላል።

«ምን አሉህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ስም ጥራ አሉኝ።»

«ኸረ ጥራኝ፣ ልጄ። እኔ ብሄድ ገብሱን ሚስቴ ታሳጭደዋለች። አንተ ገና ምኑን አየኸው?»

«ተዉ፣ አባቴ።»

«የምሬን ነው።»

ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም፤ ፈራሁ። ዳባት ለብቻዋ የምትኖር እናት አለችኝ፤ ልብሴን ስትቀበል ታየችኝ። የሽማግሌው ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እግራቸውን አላይም ብዬ ዓይኔን ጣሪያው ላይ ሰቀልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ እንደገና ተጠራሁ።

«እሺ?» አለ መርማሪው።

«ፊልሙን ከመጀመሪያው ልንገርዎት፣ ጓድ።»

ተናገርኩ። እንደ አዳራሹ ቆሜ፣ ድምፄን እየለዋወጥኩ። የሬሳ ሣጥኑ ጋ ስደርስ በሩን የሚጠብቀው ወታደር ከንፈሩን ነከሰ። ጫማው ጋ ደረስኩ።

«ከበርቴው ጫማውን ሰብስቦ ሄደ። ወታደሩ እግሩን አየና 'ጫማዬስ?' አለ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ወታደሩ። ፊልሙ ውስጥ ያለው።»

«ድምፁ የመጣው ከኋላ ነው!»

«አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፣ ጓድ፤ ድምፅ ያስተጋባል። የሁሉንም ድምፅ የማወጣው እኔ ነኝ። ካላመኑኝ ሕዝቡ ይጠራና ፊልሙ ይደገም።»

መርማሪው ሹሙን አየው። የሹሙ ሲጋራ አመድ ሱሪው ላይ ወደቀ፤ አላራገፈውም። ያ ሳቅ እንደገና ጆሮው ላይ ሳይመጣበት አልቀረም።

«አይደገምም» አለ ሹሙ። በዚያ ቀን ሲናገር የሰማሁት ይህንኑ ብቻ ነው።

መርማሪው ወረቀት ገፋልኝ። «እንግዲያው ቃሉ የአንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

ፈረምኩ።

የጫማው ወሬ ጎንደር እንዳይደርስ ሹሙ ፈርቶ መሰለኝ ማንንም አልጫኑም፤ አሥር ሰዓት ላይ መኪናው ባዶውን ሲሄድ ሁላችንም ጆሯችንን ቆርቆሮው ላይ ለጥፈን ሰማን። ከዚያ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣

«መጨረሻውስ ምን ሆነ፣ መምህር? ሳናየው ቀረን እኮ» አሉኝ።

የእንግሊዝኛዋ ገጽ መጨረሻውን አትናገርም ነበር። ስለዚህ ብድግ ብዬ፣ ጨው ላይ ቆሜ፣ ከራሴ ጨረስኩላቸው። የሁለቱም ወገን ወታደሮች ባዶ እግራቸውን ከከበርቴው በር ላይ አብረው ይሰለፋሉ አልኳቸው። ስድስቱም በነጠላቸው አፋቸውን አፍነው ሳቁ፤ ጀርባቸው የቆሰለው ሁለቱም ሳይቀሩ።

እነሱ በሳምንቱ ተፈቱ። እኔ ስምንት ወር ቆየሁ፤ ፊልም ላይ የሌለ ቃል መጨመር የሚል ጥፋት ተገኘልኝ። ሽማግሌው በየገበያው ቀን ቆሎ ይዘው እበሩ ድረስ ይመጡ ነበር። ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው።

ባለፈው ልጄ ያንን ፊልም ከስልኳ ላይ ፈልጋ አገኘችልኝ። መጨረሻው እኔ እንዳልኩት አይደለም፤ ከበርቴው ሜዳሊያ ይሸለማል። ወደ ኋላ መልሽልኝ አልኳትና ጫማው ጋ ደረስን። ወታደሩ እግሩን አየ።

«'ጫማዬስ?' ነው የሚለው» አልኳት።

«አባዬ፣ አፉን እኮ አልከፈተም።»

እውነቷን ነው። እግሩን አይቶ ዝም ብሎ ሄደ።

«ሌላ ሰው ናቸው ያሉለት» አልኳትና ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራሁላት። ያን ስም ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።