ለአባቴ ያዳላች መብራት

ሰው በአራት መብራት አይኮራም። እኔ ግን ወልድያ የመጨረሻ ዓመት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ኮርቼ ነበር፤ ምን ታደርጉኛላችሁ! የመመረቂያ ሥራዬ አንድን የኤሌክትሪክ ምት አራት እኩል ቦታ የሚከፍል ሰርኪት ነው። አንዱ መስመር ሲበራ ሦስቱ ይጠፋሉ፤ እያንዳንዱ ከቀዳሚው ልክ ሩብ ዙር ዘግይቶ ይነሳል። ሬዲዮና ስልክ ውስጥ እንዲህ ያለው ምት ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ እልፍ ጊዜ ይመላለሳል። ጣጣው ግን፣ ሩቡ እውነተኛ ሩብ መሆን አለበት፤ ደግሞም ባትሪ መብላት የለበትም። ቀልድ የማያውቁት አማካሪዬ ባትሪ የሚጨርስ ነገር ይዤ ቢሯቸው እንዳልደርስ አስጠንቅቀውኛል።

ያኔ መርሳ፣ እቤታችን፣ ሰላም አልነበረም። አባቴ የውሃ አባት ነው፤ ከወንዙ የተጠለፈውን ቦይ ለአራት ማሳ በተራ ያካፍላል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል። የመጀመሪያው ተራ የእኛ ማሳ ነው፤ ሁለተኛው ባሏ የሞተባት የጎረቤታችን ሽንኩርት ነው። አባቴ ተራውን የሚለካው እንደ አባቱ፣ የራሱን ጥላ በእግሩ ጫማ እየሰፈረ ነው። ሰዓትማ በየስልኩ አለ፤ ግን ስልክ የሚመሰክረው ለያዘው ሰው ነው፣ አንዱን ብትጠይቀው ሞልቷል ይላል፣ ሌላው ገና ነው ይላል። በዚያ በጋ ደመና በዛና ጥላ ጠፋ፤ አባቴም በግምት ማካፈል ጀመረ። ጎረቤታችን ምላሷ ስለት ነው፤ ውሃው ከእሳቸው ማሳ ሲወጣ እግሩ ይከብደዋል አለች። ወሬው ገበያ ደረሰ። ለዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሌላ የውሃ አባት ለመምረጥ ተቀጣጠሩ። አባቴ እህል አልወርድ አለው። ሹመቱስ ይቅር፣ ሌባ ተብዬ ልውረድ ወይ ይል ነበር።

እኔ መች አርፌ! ስልክ ደውዬ ሰርኪቴን ይዤ እመጣለሁ፣ ማሽን ዘመድ የለውም አልኩት።

ሰርኪቱ የሚሠራው በካፓሲተር ነው፤ ኤሌክትሪክ እየሞላ የሚጎድል ትንሽ ዕቃ። ሲሞላ አንደኛው መብራት ይበራል፣ ሲጎድል ሁለተኛው፣ እንደገና ሲሞላ ሦስተኛው፣ ሲጎድል አራተኛው። ሙላቱንም ጉድለቱንም መቁጠር ባትሪ ይቆጥባል። ቤተ ሙከራ ውስጥ በትንሽ ካፓሲተር ፈተንኩት፤ አራቱም እኩል ወጡ። አንድ ሰዓት ተኩል እንዲቆይ ግን ትልቅ ያስፈልገኝ ነበርና አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ከአሮጌ ቴፕ ነቅሎ ሰጠኝ። ቀይሬ እንደገና መፈተን ሲገባኝ ያው ነው አልኩ። ያው ነው! ስንቱን መሐንዲስ ጉድ የሠራች ቃል ናት።

ምሳ ዕቃ ውስጥ ከድኜው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ ያሁን ልጆች እንብላ ማለት ትታችኋል ብለው ወቀሱኝ። ከፍቼ ሽቦውን አሳየኋቸው። አላህ ይጠብቅሽ ብለው ወደ መስኮቱ ተጠጉ።

ሐሙስ ጠዋት መብራቶቹን ቦዩ ዳር ምሰሶ ላይ ሰቀልኳቸው። ሰማዩ ጠርቷል፤ የአራቱም ማሳ ባለቤቶች መጥተዋል። ልክ በአንድ ሰዓት ቢስሚላህ ብዬ አበራሁ፤ ውሃው ወደ እኛ ማሳ ገባ። እኔም ጉራዬን ለቀቅኩት፤ ይህ ማሽን አያይም፣ አይሰማም፣ አይዋሽም እያልኩ አስተማርኳቸው።

ቆይቶ አባቴ ጫማውን አውልቆ ጥላውን መስፈር ጀመረ። እኔን አላመነኝም ብዬ በገንኩ። ሰፈረ፤ ተመልሶ ሰፈረ። አካፋውን አንስቶ ወረደና የራሱን መግቢያ በጭቃ ደፍኖ የጎረቤታችንን ከፈተ።

«አባ፣ መብራቷ ገና ናት» አልኩት።

«ይቺ መብራት ለእኔ ታዳላለች» አለ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው። «ጥላዬ ደርሷል። ውሃው የእሷ ነው።»

ጎረቤታችን ስልኳን አየች። ሁለት ሰዓት ተኩል፣ እቅጭ። የኔዋ ጉደኛ መብራት ወደ ሁለተኛው ያለፈችው ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ነው፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ጊዜዋ ሳይደርስ ጠፋች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያ አሮጌ ካፓሲተር ለካ ያፈሳል። የተሰነጠቀ እንስራ ለመሙላት ይዘገያል፣ ለመጉደል ይቸኩላል፤ እኔም አንደኛና ሦስተኛውን ማሳ በሙላት፣ ሁለተኛና አራተኛውን በጉድለት ለክቼላቸው ኖሯል።

ዓርብ ስብሰባው ላይ ቀድማ የተናገረችው ያቺው ጎረቤታችን ናት አሉ። ልጃቸው ሠርታ ያመጣችላቸውን ትርፍ ውሃ በገዛ እጃቸው የደፈኑ ሰው የውሃ አባት ካልሆኑን ማን ሊሆነን ነው ብላ ጠየቀች። የሌላ ሰው ስም ያነሳ አልተገኘም።

ቅዳሜ አባቴ እስከ መናኸሪያው ሸኘኝ። እንዴት እንደማስተካክለው መንገዱን ሙሉ ለፈለፍኩ። ምቱን እጥፍ አፈጥነዋለሁ፣ ከዚያ ሙላት ከጀመረበት እስከ ቀጣዩ ሙላት መጀመሪያ ብቻ እቆጥራለሁ፤ ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ ተራ አንድ ሙላትና አንድ ጉድለት ይደርሰዋል፣ ቢያፈስም ለሁሉም እኩል ያፈሳል። ባትሪው ትንሽ ይጨምራል፤ አማካሪዬ ትንሽ ይቆጡ። አባቴ አዳምጦኝ ሲያበቃ ደህና ሐሳብ ነው አለኝ።

ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ሲቀረው አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ ልጄ፣ አሁን አመንሽኝ?»

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ለራሴም ቢሆን አባቴን ነፃ ላወጣው ነው የምለፋው እያልኩ ነበር። ውሸት ነው፤ እኔም ጠርጥሬዋለሁ፤ ያን መብራት የሰቀልኩት ላጣራው ነው። አመንኩ ልለው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። እሱ ቦርሳዬን ተቀብሎኝ ረዳቱን ተጣራና፣ ይቺ ልጅ ወልድያ ናት፣ በመስኮቱ በኩል አስቀምጥልኝ አለው።