በነጭ ክር የተሰፋው ማልያ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሻፍቃትና እኔ አንድ ድርጅት ውስጥ አውቶቡስ እንነዳለን። ልጄ ኑሃ በሰፈራችን በቬስትሊ የእግር ኳስ ክለብ ትጫወታለች፤ እሱ ደግሞ እዚያው ክለብ ከልጅነቱ ጀምሮ ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ድረስ ተከላካይ ነበር። ወላጆቹ ከፓኪስታን መጥተው እሱ እዚሁ ኦስሎ ተወለደ። ሲጫወት ያዩት ሁሉ የሚያወሩት ስለ ድምፁ ነው፤ የኋላ መስመሩን የሚያሰልፈው እየጮኸ ነበር አሉ። አውቶቡስ ውስጥ ግን ተሳፋሪ ሲሰድበው እንኳ ዝም ነው። ይኼ ዝምታው ነው እኔን የሚያበግነኝ።

በሃያ ሰባት ዓመቱ የፓኪስታን ብሔራዊ ቡድን ጠራው። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዶ ሄደ። ላሆር ሲደርስ "ኖርዌጂያኑ" አሉት፤ እዚህ ሲመለስ ያው "ፓኪስታናዊው" ነው። ግድ አልሰጠውም፤ እሱ የፈለገው መጫወት ነበር። ኔፓል፣ ካትማንዱ ላይ በተደረገ ጨዋታ ሻፍቃት አላሳልፍ ቢለው አንድ አጥቂ ትከሻው ላይ ጎትቶ ማልያውን ቀደደበት። ጨዋታውን በዚያው ጨረሰ፤ ኋላ እናቱ በነጭ ክር ሰፉለት። ከዚያ የእግር ኳሱ ባለሥልጣናት እርስ በርስ ተናከሱና ቡድኑ ከውድድር ታገደ። የነሱ ጠብ የሱን ምርጥ ዓመታት በላቸው። እገዳው ሲነሳ ጉልበቱ አልቆ ነበር።

ከዚያ ሁሉ የቀረው ያ አረንጓዴ ማልያ ነው። ቤቱ አልሰቀለውም። የሰፈሩ ልጆች ይዩት ብሎ በመስታወት ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ለክለቡ ሰጠ።

ባለፈው ጸደይ ክለቡ ዱግናድ ጠራ። ኖርዌይ የኖረ ያውቀዋል፤ ወላጅ፣ ጎረቤት፣ ሁሉም በነጻ መጥቶ ያጸዳል፣ ይቀባል፣ መጨረሻ ላይ ዋፍል የሚሉትን ትኩስ ቂጣ ይበላል። የቀረ ሰው በክፉ ዓይን ይታያል። ሻፍቃት ቀርቶ አያውቅም። የክለቡ ሊቀመንበር ኤሊ ዕቃ ቤቱ ባዶ ይሁን ብላለች፤ የታሸጉትን ካርቶኖች እየተሸከምን ውጭ ወደቆመው የቆሻሻ ኮንቴይነር እንወረውራለን። እንደኛ ያለ ሰው ደግሞ የሰጡትን ይሸከማል እንጂ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ሻፍቃት አንዱን ሲወረውር መስታወት ተሰበረ፤ ካርቶኑም ተቀደደ። ነጩን ክር መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ።

ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብቶ ማልያውን አወጣና ስብርባሪውን አራገፈ። ኤሊ ድምፁን ሰምታ መጣች።

"ያንተ ነው እንዴ?" አለችው ፈገግ ብላ። "እንግዳ ቡድን ትቶት የሄደ መስሎን ነው።"

እንግዳ ቡድን አለችው፣ ዕድሜውን የጨረሰበት ሜዳ ላይ ቆማ።

"አንድ ነገር በላት እንጂ" አልኩት።

እሱ ከማልያው ላይ ስብርባሪ መልቀሙን ቀጠለ። ኤሊም ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰች። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ከሷ ይልቅ በሱ ተናደድኩ።

ከዚያ ማልያውን በሹራቡ ላይ ደርቦ ለበሰው። ሆዱ ላይ ጠበበው። ኮንቴይነሩ አፍ ላይ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ።

"ክፈቺው" አለኝ፣ የታቀፍኩትን ካርቶን እያየ።

"እኔ ነኝ እኮ፣ መስቱራ።"

"አዎ፣ ክፈቺው።"

ከፈትኩት። ከአሮጌ ጫማዎች ሥር የኑሃ ቡድን የመጀመሪያ ፎቶ ነበር፤ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ ትስቃለች። በገዛ እጄ ልጥላት ነበር።

ከኋላዬ ሰልፍ ተሠራ። ሻፍቃት ሳያስከፍት አንድም ሰው አላሳለፈም። "በየተራ፣ አንድ በአንድ!" እያለ ይጮሃል፤ ሲያወሩለት የኖሩትን ድምፅ ያን ቀን ሰማሁት።

ኤሊ ካርቶን ታቅፋ ከሰልፉ መሃል ወጣች። ዋፍሉ እየቀዘቀዘ ነው አለች። እሱ ንቅንቅ አላለም። ንገሪው እንጂ በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረች።

"ክፈቺው" አልኳት።