የአያቴ ኮረብታ ስም

ዛሬ ከገለጉ ከተማ ስመለስ፣ ዝናብ የመታው የሰሊጥ ማሳ ሽታ ከኮረብታችን ሥር ሲቀበለኝ፣ አያቴ ትዝ አሉኝ።

ተማሪ ሳለሁ አንድ የካርታ ባለሙያ የኮረብቶችን ትክክለኛ ስም ከድሮ የመሬት መዝገብ እያጣራ መንደራችን መጣ። ከቤታችን ጀርባ ያለውን ኮረብታ አያቴ «ጀግና ማማ» ይሉት ነበር፤ አባታቸው ብቻቸውን ሽፍታ የመለሱበት ነው ብለው ይምላሉ። ባለሙያው መዝገቡን ገለጠና ፈራ ተባ እያለ፣ «አባቴ፣ እዚህ የተጻፈው ግን ‹ፈሪ መሸሻ› ነው» አላቸው።

ጎረቤቱ ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ። ሳቁ በረድ ሲል አያቴ፣ «ታዲያ አባቴ ያን ቀን ባይሸሽ ኖሮ እኔ ከማን እወለድ ነበር?» አሉ። ከዚያ ወደ ባለሙያው ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በል ጻፈው ልጄ፤ ፊደሉን ግን አሳንሰው» አሉት።

ካርታው ላይ የቱን ስም እንደጻፈው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ዛሬ ግን ከኮረብታው ሥር ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።