ያለ ደም የተመታው ሰው

እኛ የአካባቢው ዘማቾች ትእዛዙ የደረሰን በማለዳ፣ መርሳ ላይ ነው፤ ከውርጌሳ በላይ ያለውን ኮረብታ ይዛችሁ ቆዩ የሚል። እስከ መቼ እንደሆነ አልተነገረንም። ስለዚያ ኮረብታ የሚጠይቁኝ ወጣቶች የጀግንነት ወሬ ይጠብቃሉ። እኔ ያለኝ የአንድ እግር ታሪክ ነው።

እግሩ የጌጡ ነበር። ጌጡ መርሳ ውስጥ የጭነት መኪና የሚጠግን መካኒክ ነው። ረፋድ ላይ ከባድ መሣሪያ ይወርድብን ጀመር። አንዱ ምሽጋችን አፍ ላይ ወደቀ። አቧራው ሲረጋ ከጌጡ ግራና ቀኝ የነበሩት ሁለት ጓዶቻችን ሞተዋል። ጌጡ እንደተቀመጠ ነው። አልደማም።

ቀትር ላይ እንድናፈገፍግ ታዘዝን። ሁላችንም ተነሳን፤ ጌጡ አልተነሳም።

«ቀኝ እግሬ የለም» አለ።

ጉልበቱን ይዤ «ይኸው፣ አለ እኮ» አልኩት።

«ለአንተ ነው ያለው።»

ሱሪውን ቀደን ፈተሽን። ጭረት እንኳ የለም። የጓድ መሪያችን ቁልቁለቱን እያየ «ቁስል የሌለው ሰው በእግሩ ይወርዳል፤ ካልሆነ ይቀራል» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቃሬዛ የሚላከው ለተመታ ሰው ብቻ ነበር። እዚያ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከመካከላችን የተማርነው «እያስመሰለ ይሆን?» ተባባልን። ይህን እያልን ግን እያንዳንዳችን ጫማችን ውስጥ ጣቶቻችንን እናንቀሳቅስ ነበር። ቀጥሎ የማን እግር እንደሚጠፋ ማን ያውቃል?

ሬዲዮ የያዘው ጋሽ ደምሴ የጉባ ላፍቶ ገበሬ ነው። ማንንም ሳያስፈቅድ «አንድ ሰው ተመትቶብናል፤ ቃሬዛ ላኩ» አለ።

አራት ተሸካሚዎች እያለከለኩ ደረሱ። ከፊት የነበረው፣ ዓለሙ የሚባል የሲሪንቃ ሰው፣ ጌጡን አገላብጦ አየው።

«ደሙ የታለ?»

«ምች ነው የመታው» አለ ጋሽ ደምሴ።

«ለምች ነው ይሄን ሁሉ ዳገት ያስወጣችሁኝ? ዳማከሴ አሽታችሁ አታስሸትቱትም ነበር?»

«አጥተን ነው። ይዘህ ትመጣለህ ብለን።»

ዓለሙ ሳቀና ቃሬዛውን አነሳ። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ዓለሙን ጥይት አገኘው፤ እዚያው ቀረ። የእሱን እጀታ እኔ ያዝኩ።

መርሳ ባለው የሕክምና ጣቢያ ሐኪሟ ጌጡን አስተኝታ መዳፏን ከቀኝ ተረከዙ ሥር አስገባች። «በቀኝ እግርህ እጄን ተጫን» አለችው። ምንም። «እሱን ተወውና ግራህን ወደ ላይ አንሳ።» ግራውን ሲያነሳ የሞተው ተረከዝ እጇን ተጫነው።

ጌጡ ፊቱ አመድ መሰለ። «እየዋሸሁ ነበር ማለት ነው?»

«አይደለም። ከአንጎልህ ወደ እግርህ የሚወርደው መንገድ አልተቆረጠም ማለት ነው። ስታስብበት ይዘጋል፣ ስትረሳው ይከፈታል። እንዲህ ያለ ሕመም አለ፤ አንተ አላመጣኸውም። ቀስ እያልን እናስለምደዋለን።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሕመም ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ስሙ በየመጽሐፉ ይለያያል፤ በየመጽሐፉም ይረዝማል። በምች የሚስቅ ምሁር ሲያጋጥመኝ ያ ቀን ትዝ ይለኛል። ምችም ዳማከሴም የጌጡን እግር አያስረዱም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን «መታው» የሚለው ቃል ሰውየውን ጥፋተኛ አያደርገውም። እኛ የተማርነው ያቀረብነው «እያስመሰለ» የሚለው ቃል ግን ያደርገው ነበር።

ጌጡ በምርኩዝ መሄድ ሲጀምር የዓለሙ ተዝካር ደረሰ። አትሂድ አልነው። የሟች አባት «ልጄ የሞተለት ሰው ቁስሉ የት ነው?» ቢሉስ? እምቢ አለ። ሲሪንቃ ድንኳኑ ውስጥ ገብተን ገና ሳንቀመጥ ሽማግሌው ጠየቁት።

«ልጄ የተሸከመህ አንተ ነህ? ምንህን ተመትተህ ነበር?»

ጋሽ ደምሴ ሳል ሳል አደረገው። ጥይት ነው ብሎ መገላገል ይቻል ነበር።

«ቁስል አልነበረኝም አባባ» አለ ጌጡ። «እግሬ እምቢ አለኝ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አጥርቼ አላውቀውም። ልጅዎ ግን አነሳኝ።»

ሽማግሌው ምርኩዙን ተቀበሉት።

«እስቲ ሂድ፣ ልይህ።»

ጌጡ እስከ ድንኳኑ በር ሄደ። ሲዞር ቀኝ እግሩ መሬቱን እየፈተገ ተጎተተ። አባትየው እግሩን ብቻ ነበር የሚያዩት። ሲመለስ ምርኩዙን ሰጥተው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት።

«ተመትተሃል» አሉት። «ተቀመጥ።»

ያን ቀን ከእኛ ጓድ ሁለት ሞቱ፣ ከቃሬዛው ሰዎች አንድ። ቁስለኛስ ስንት ነበር ለሚለኝ፣ አንድ እላለሁ። እኔ ራሴ ደህና ወጣሁ ይባላል። ጠዋት ጠዋት ግን ከአልጋዬ ከመውረዴ በፊት ዛሬም ጣቶቼን አንቀሳቅሳለሁ።