የደራሲዋ እናት

«አንቺ ልጅ፣ ሲያዩሽ የዋህ ትመስያለሽ፤ ሆድሽ ግን ሌላ ነው። በይ ንገሪኝ፣ ጉማሬው ማነው?»

መርማሪው ይህን ያለኝ ፊቴ ላይ ጎንበስ ብሎ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ለሰፈር ልጆች የማነብላቸው ልብ ወለድ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ደራሲዋ ከአገር ከወጣች ቆይታለች። እዚያ ሆና ባለሥልጣን የማይወደውን ነገር በአደባባይ ትናገራለች።

«ጉማሬ ነው» አልሁት። «የልጅቷን ታንኳ የሚገለብጥ ጉማሬ።»

«ቀልደኛ ነሽ።»

አልቀለድሁም። ወስደው ቆለፉብኝ።

ክፍሉ በረኪናና ሽንት ይሸታል። ሐይቁ ቅርብ ነው፤ ወፎቹ ይሰማሉ፣ ውሃው አይታይም። ጥግ ላይ አንዲት አሮጊት ይሰግዳሉ። ሲጨርሱ ምን አድርጌ እንደመጣሁ ጠየቁኝ።

«መጽሐፍ አንብቤ» ብዬ የታሪኩን ነገር ነገርኋቸው።

አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። «እሷን መጽሐፍማ የጻፈቻት የኔ ልጅ ናት።»

«ይተዉ እማማ።»

«ወላሂ! ጉማሬው የደንገል ታንኳችንን የረገጠው ነው። ልጄ ያኔ እንዲህ ናት፣ ጭብጥ የምታክል። ውሃውን በመቅዘፊያ እየመታች ‹አንተ ሆዳም፣ ሂድ ማዶ ደልጊ ብላ!› ትለው ነበር።»

ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቃል በቃል አለ። አመንሁ።

ልጃቸው አስተማሪ ነበረች። በመተማ ወጣች። አሁን በሰው አገር አረጋውያን ትጦራለች፤ የምትጽፈው ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ላይ ነው። እሳቸውን ያሰሯቸው የስልክ ቁጥሯን አምጪ ብለው ነው።

«የምትደውል እሷ ናት፤ እኔ ማንሳት እንጂ መደወል አላውቅም ብላቸው አይሰሙም» አሉኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ፊደል አልቆጠርሁም። መጽሐፏን እስከ መጨረሻው የነገረኝ የለም» አሉ።

በቃሌ ነው የማውቀው። ጀመርሁላቸው። ልጅቷ ታንኳዋን ዳር አስራ ወደ ዘጌ ደን የገባችበት ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ውሃው ውስጥ ትታው?»

«አዎ፣ እስክትመለስ።»

«ውይ ይቺ ልጅ! ደንገል እኮ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ይሰጥማል! አውጥታ ታቁመው እንጂ፣ ይድረቅ!»

«መጽሐፍ ነው እማማ።»

«ቢሆንስ! የታንኳ ሠሪ ልጅ!» ፊታቸውን አዞሩ። «ረስታዋለች» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው።

አሁንም ለልጆቹ ሳነብ እዚያ ቦታ ስደርስ የተጻፈውን አላነብም። ታንኳውን ከውሃ አወጣዋለሁ፤ ዛፍ አስደግፌ አቆመዋለሁ።

ያን ዕለት የመጨረሻው ምዕራፍ ሲቀረኝ በሩ ተከፈተ። አንዲት ፖሊስ ናት።

«ተፈትተሻል። ዕቃሽን ሰብስቢ።»

«ቆይ፣ አልጨረስሁም።»

«ኧረ ባክሽ! ሆቴል መሰለሽ?»

«ከፈለግሽ ዝጊው።»

አልዘጋችውም። ትከሻዋን በሩ ላይ ጣል አድርጋ ቆመች።

አሮጊቷ እጄን ያዙ። «ልጅቷ ተመለሰች?»

ምነው እዚህ ሳልደርስ በጠሩኝ አልሁ በልቤ። ግን መደበቅ አልችልበትም።

«ተመለሰች። እናቷ ግን ሞተው ነው የደረሰችው።»

የሻሻቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

«ማን አጠበኝ?» አሉ።

መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ሕፃናት የሚያነቡት ነው፤ ሬሳ አይታጠብበትም።

«እሷ» አልሁ። «ሳይቀብሩ ጠበቋት። ራሷ አጠበችዎት፤ ሌላ ሰው አላስነካችም።»

«ፀጉሬንስ?»

ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሰማሁት ትዝ አለኝ። «ፈታ አጠበችው። ሦስት አድርጋ ጎነጎነችው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። እጄን ለቀቁት። «በይ ሂጂ ልጄ፣ ሴትዮዋን አታቁሚያት።»

ጫማዬን አንስቼ ወጣሁ።