የላምቤቦ ዝውውር

የወንድሜ ልጅ ናሆም ክረምት ሲገባ አያርፍም። ሆሳዕና ከተማ እኛ ቤት ሲመጣ ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ስልኩን ያወጣል። የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ማንን አስፈረሙ፣ ማንን አሰናበቱ፣ የትኛው ረጅም ወዴት ሄደ እያለ ከጓደኞቹ ጋር ሲከራከር ይውላል። ባለፈው ሐምሌ በረንዳ ላይ ጎመን እየቀነጠስኩ ሳለ፣ «አክስቴ፣ ይኼ ልጅ እኮ ቡድኑን ሊለቅ ነው» አለኝ። «ማን ነገረህ?» አልኩት። ሁሉም እያወራው ነው አለ። ሁሉም ማለት ማን እንደሆነ፣ መጀመሪያ ያወራው ማን እንደሆነ፣ ማውራቱስ ምን እንደሚጠቅመው አከታትዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «አክስቴ፣ አንቺ መርማሪ ነበርሽ እንዴ?»

ነበርኩ። ያውም ደብተር ያለኝ መርማሪ።

የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እያለሁ የከተማችን የቅርጫት ኳስ ሜዳ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበር። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ በስንጥቁ ሣር ይበቅልበታል። ከሁለቱ ቅርጫቶች አንዱ ወደ ግራ ያዘነበለ ስለነበር የእኛ ልጆች እሱን አስበው ነበር የሚወረውሩት። የጎረቤት ከተማ የዱራሜ ልጆች ለግጥሚያ ሲመጡ ኳሱ እየነጠረ ሲመለስባቸው፣ «ሆን ብላችሁ አጣማችሁት» ይሉ ነበር። እኛ ደግሞ በዱራሜ ሜዳ ስንሸነፍ ኳሱን በደንብ ሳይነፉ ያቀረቡልን ሆን ብለው ነው እንል ነበር። መተማመን የሚባል ነገር አልነበረም።

ክረምት ሲገባና ሜዳው ውኃ ሲቋጥር ጨዋታው ይቆማል፤ ያኔ ዋናው ጨዋታ፣ ወሬው፣ ይጀመራል። በዚያን ጊዜ ተጫዋች ከቡድን ወደ ቡድን የሚዛወረው በቅጥር ደብዳቤ ነበር። የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ቡድን ረጅም ልጅ ካየ ዘበኛ አድርጎ ያስቀጥረዋል። ቁመቱ በር የማያስገባው አንድ ዘበኛ ነበራቸው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያን በር ሲጠብቅ ያየው ሰው የለም። የመምህራን ቡድን ደግሞ የዝውውር ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር አንዴ ይፈርሳል፣ አንዴ ይሞላል። ፊዚክስ አስተማሪ መጣ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው ቁመቱን ነበር። ጤናዎችም ቡድን ነበራቸው፤ የእኛ ደግሞ የቀበሌው ቡድን ነበር።

ይኼ ሁሉ የሚመረመረው በጋሽ ከድር በረንዳ ነው። ጋሽ ከድር ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጃቸው ዘይነባ የልብ ጓደኛዬ ነበረች። ዝናብ ሲጥል ተጫዋቹም፣ ደጋፊውም፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውም እዚያ ይጠለላል። የእርጥብ ሱፍ ሽታ፣ የማሽኑ የዘይት ሽታ፣ በሣህን የሚዞረው የተጠበሰ በቆሎ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ጫጫታው። ሴት ልጅ ኳስ ምን አገባት የሚል አልጠፋም ነበር። ደብተሬን ሳወጣ ግን ዝም ይላል።

ደብተሯ ሰማያዊ፣ በጀርባዋ የማባዣ ሰንጠረዥ ያለባት ነበረች። በየገጹ ስም፣ አሁን ያለበት ቡድን፣ የተጠረጠረበት ቡድንና ማስረጃ ብዬ አስምሬባታለሁ። «አዲስ ሸራ ጫማ አድርጓል። ማን ገዛለት?» «ማክሰኞ ከእርሻው ሹፌር ጋር ሻይ ሲጠጣ ታየ፤ የከፈለው ሹፌሩ ነው።» እንዲህ እያልኩ ነበር የምጽፈው። ዘይነባ ታያለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከሦስት ጥርጣሬዬ ሁለቱ ልክ ይወጣ ስለነበር ትልልቆቹ ሳይቀሩ «ማርታ ምን ትላለች?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። በዚህ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። እናቴ ግን ደብተሯን ባየች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። «የሰው ስም ወረቀት ላይ አታስፍሪ» ትለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አትነግረኝም፤ እኔም የወረቀት ቁጠባ ይመስለኝ ነበር።

የቀበሌያችን ቡድን ኮከብ ላምቤቦ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ የሚጠብቅ፣ ግራኝ፣ ዝምተኛ ልጅ። የግራ እጁን ከፍ አድርጎ ሲወረውር ያ ጠማማ ቅርጫት ቀና የሚልለት ይመስለኝ ነበር። ወንድም ባይሆነኝም ወንድሜ ነው ብዬ ትምህርት ቤት አውርቻለሁ። ቅርባችን የሚኖሩት እናቱ እማማ ኤልፍነሽ ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ።

በዚያ ክረምት፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ላምቤቦ ከበረንዳው ቀረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ለአብዮት በዓል ከዱራሜ ጋር ግጥሚያ አለብን፤ የቀረው ጊዜ ሁለት ወር አይሞላም። እማማ ኤልፍነሽን ስንጠይቃቸው፣ «አዲስ አበባ ነው፣ አጎቱ ጋ» አሉ። ቶሎ አሉት፤ ጥያቄውን ሳልጨርስ። ይኼን ወዲያው ጻፍኩት።

በሳምንቱ ዘይነባ እየሮጠች መጣች። እማማ ኤልፍነሽ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ወደ ገጠሯ ጃጁራ በሚሄድ መኪና ሲሳፈሩ አይታለች። የገበያ ቀን አይደለም፤ ቅቤም አልያዙም። የላምቤቦ አክስት ጃጁራ እንደምትኖር እናውቃለን። አዲስ አበባ ላለ ልጅ ቆጮ በጃጁራ በኩል ይላካል? ነገሩ ፍንትው አለልኝ። ዱራሜዎች አስፈርመውታል፤ እንዳናባብለው ደግሞ እስከ በዓሉ ድረስ ጃጁራ ደብቀው ያሠለጥኑታል! በንዴት እንቅልፍ አጣሁ። ከዳን ብዬ አለቀስኩም።

አባቴ ድሬሰር ነበር። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለክትባት ጃጁራ ሲሄድ ገበያ አሳየኝ ብዬ ለምኜ አብሬው ሄድኩ። እሱ ሕፃናቱን ሲከትብ፣ እኔ የመንደር ልጆችን ጠይቄ የአክስትየውን ቤት አገኘሁ። ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ውስጥ፣ ጠብ… ጠብ… የሚል ድምፅ ይሰማል። ተሹለክልኬ ስገባ ላምቤቦ ቆሟል። ቂጧ የተቆረጠ የገበያ ቅርጫት ዛፍ ላይ ሰቅሎ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ኳስ ይወረውርባታል። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል። ሲያየኝ ያሳየው ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። መጀመሪያ ያየው እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን መንገድ ነበር።

«ከማን ጋር መጣሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ከአባዬ ጋር። አንተ ግን ለዱራሜ ፈርመሃል አይደል? እንዳትዋሸኝ፣ ማስረጃ አለኝ!»

ቀስ ብሎ ፈገግ አለ፤ ትከሻውም ወረደ፣ የከበደው ነገር እንደቀለለለት ሁሉ። «አዎ» አለኝ። «ያዝሽኝ። ለዱራሜ ፈርሜያለሁ። ግን ማርቲዬ፣ እስከ በዓሉ ለማንም እንዳትናገሪ። እሺ በይኝ።» እሺ አልኩት። በመንገዴ ሁሉ ግን እየተቃጠልኩ ነበር። ከሃዲ መሆኑን በገዛ አፉ አምኗል። ለከሃዲ የገባሁት ቃል ይጠበቃል እንዴ?

በማግስቱ ዶፍ ዝናብ ነበር፤ በረንዳው ሞልቷል። ጓድ በላይነህም ተጠልሏል። ጓድ በላይነህ የቀበሌያችን የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ፣ ደግሞም የቡድናችን መሪ ነው። ኳሱ የሚቀመጠው እሱ ቢሮ ነበር። አንድ የጤና ተጫዋች፣ «ላምቤቦ አዲስ አበባ ገብቷል፣ በቃ እርሱት» ሲል አላስቻለኝም።

«ውሸት ነው! ጃጁራ ነው ያለው። በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

የጋሽ ከድር ማሽን ቆመ። ጫጫታ ይነሣል፣ ዱራሜ ይረገማል ብዬ ስጠብቅ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ከድር መነጽራቸውን አውልቀው፣ «አንቺ ልጅ፣ ዝናቡ አባርቷል፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አሉኝ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ወንድማቸው ዱራሜ እንደሚነግድ አስታወስኩ። ለካ እሳቸውም ከዱራሜ ጋር ናቸው አልኩ በልቤ። ዘይነባንም አየኋት፤ እሷንም ጠረጠርኳት።

ጓድ በላይነህ ብቻ ሳቀልኝ። አጠገቡ አስቀመጠኝና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጎበዝ ልጅ። እስቲ ከየት እንደምናስመልሰው ንገሪኝ። የማን ቤት ነው?» አለኝ። ላምቤቦን ወደ ቡድኑ የሚመልስ ሰው ካለ እሱ ነው አልኩ። ደብተሬን ሰጠሁት። አነበበ፣ ገጹንም አልቀደደም፤ አመስግኖኝ መለሰልኝ። ዝናቡን እንኳ ሳይጠብቅ ጃኬቱን ራሱ ላይ አድርጎ ወጣ።

በአምስተኛው ቀን ከዳቦ ቤት ስመለስ፣ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ልጆችን የጫነ መኪና በዋናው መንገድ አለፈ። እንዲህ ያለ መኪና አዲስ ነገር አልነበረም። የቀበሌ ቡድን ተጫዋች ግን አይነካም ይባል ስለነበር፣ እኔም አምኜው ስለነበር፣ ከላምቤቦ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። በዚያ ክረምት ኮታው ጎድሎ ተጫዋቾቹም ዝርዝር ውስጥ እንደገቡ ከእኔ በቀር በረንዳው ሁሉ ያውቅ ነበር። መኪናው ላይ ከሁሉም ራስ በላይ የላምቤቦ ራስ ይታያል። የግራ እጁን ከፍ አደረገ። ለእኔ ይሁን፣ ከኋላዬ ለቆመ ሰው ይሁን፣ ወይ የመኪናውን ብረት ሊይዝ ይሁን፣ አላውቅም።

የዚያን ቀን እናቴ ደብተሬን ምድጃ ውስጥ ከተተችው። አልተቆጣችኝም፤ ብትመታኝ በወደድኩ። አባቴ ከዚያ በኋላ ለሥራ ሲወጣ ይዞኝ አልሄደም። ዘይነባ ግን በሦስተኛው ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በአብዮት በዓል ዱራሜ አሸነፈን። አሰላለፋቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ ላምቤቦ የለበትም። አለመኖሩን እያወቅኩም ፈለግኩት። ጓድ በላይነህ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያጨበጭባል። ያን ሁሉ ክረምት የከተማውን ሰው በሙሉ ጠርጥሬ ያልጠረጠርኩት እሱን ብቻ ነበር። እሱንና ራሴን።

ደርግ ሲወድቅ ከጦሩ የተረፉት በእግራቸው፣ በልመና፣ አንዳንዱ በክራንች ወደየቤታቸው ገቡ። እማማ ኤልፍነሽ መናኸሪያው ደጃፍ ቅቤያቸውን ይዘው ወራት ተቀመጡ። ላምቤቦ አልመጣም። መርዶም አልመጣም። ሰው ሲጠይቃቸው ያንኑ የድሮውን መልስ ይመልሳሉ፤ «አዲስ አበባ ነው፣ አጎቱ ጋ።» አሁን ግን ቶሎ አይሉትም፤ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል ነው የሚሉት። በረንዳ ላይ ያልኩትን ይስሙ አይስሙ አላውቅም። ሲያገኙኝ እንደ ልጃቸው ነበር የሚስሙኝ፤ እኔ ግን በእያንዳንዱ መሳም ውስጥ ያውቁ ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር። መምህርት ሆኜ ለስብሰባ አዲስ አበባ መመላለስ ስጀምር አንድ ቀን እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ እዚያ ስትሄጂ ታገኚው የለ?» አሉኝ። «አገኘዋለሁ፣ እማማ» አልኳቸው። «ደህና ነው።» ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ በሄድኩ ቁጥር ሰላምታ ይልኩብኛል፤ እኔም ሰላምታ ይዤ እመለሳለሁ።

ጋሽ ከድር የሉም፤ በረንዳቸው የሞባይል መሸጫ ሆኗል። የዛሬ ልጆች የማን ስም ከየት ወዴት እንደሄደ በአደባባይ ይጮኹታል፤ በመጮኻቸው የሚጎዳ የለም፤ ሚሊዮን የሚከፈለው ልጅ አውሮፕላን ተሳፍሮ አዲሱን ማልያ ለብሶ ይሥቃል። ናሆም ስልኩ ላይ እንዲያ ሲጮህ እቀናበታለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ዝም በል ልለው አፌ ይከፈትና እመልሰዋለሁ።

ያን ቀን ጎመኑን እየቀነጠስኩ ስለ ሜዳው፣ ስለ ጠማማው ቅርጫት፣ ስለ ግራኙ ላምቤቦ ነገርኩት። ሌላውን አልነገርኩትም። ናሆም ስልኩን አስቀምጦ ነበር የሰማኝ።

«ታዲያ መጨረሻው የት ገባ?» አለኝ።

«አዲስ አበባ። አጎቱ ጋ።»

በራሴ ጥያቄ ሊይዘኝ ነው መሰል ዓይኑን አጥብቦ ሳቀ። «ማን ነገረሽ?»

«እናቱ» አልኩት።